ካባ፥ በርኖስና ካፖርት፦ የወንድ ረዥም ልብስና የሰው ቁመና በምሥራቅ ጎጃም

መግቢያ

ደብረ ወርቅ ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የምሥራቅ ጎጃም ከተማ ስትሆን፥ ስሟን ያገኘችው ከጥንታዊው የደብረ ወርቅ ማርያም ደብር ነው። ደብሩም ወንጌላዊው ሉቃስ ሳላት ተብሎ በትውፊት በሚነገርላት የእመቤታችን ሥዕል የታወቀ ነው። ከከተማዪቱ በስተ ምዕራብ ከፍታው ከ4,000 ሜትር የሚበልጠው የጮቄ ተራራ ይገኛል። አገሩ ደጋ፥ ክረምቱም ብርቱ በመሆኑ ወንድ ልጅ ከቤቱ ሲወጣ ከእጀ ጠባቡ በላይ የሚደርበው ልብስ መያዙ ለጌጥ ብቻ ሳይሆን ለኑሮ ግዴታ ሆኖ ኖሯል።

ይሁን እንጂ የሚደረበው ልብስ ሁሉ አንድ ዓይነት አልነበረም። እረኛው ከሣር የተሠራ ገሳ፥ የቆሎ ተማሪው ደበሎ፥ ገበሬው ጋቢና ቡልኮ፥ ደኅና ኑሮ ያለው ባላገርና የደብር አለቃ ከበግ ጠጉር የተሠራ በርኖስ፥ ባለ ማዕረጉ ደግሞ ካባ ወይም ለምድ ይደርብ ነበር። ከ1928 ዓ.ም. ወዲህም ካፖርት የተባለው ባለ እጅጌ ረዥም ልብስ በእነዚህ ላይ ተጨመረ። እነዚህ ልብሶች ስለ ጨርቃቸውና ስለ ማዕረጋቸው አልፎ አልፎ ተጽፎባቸዋል። ነገር ግን ከለባሹ ቁመትና ውፍረት ጋር ስላላቸው ግንኙነት፥ ማለት ለረዥሙና ለአጭሩ፥ ለቀጭኑና ለወፍራሙ እንዴት እንደሚስማሙ፥ የተባለው ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጉዳይ በታሪክ መንገድ መመርመር ነው።

ለምርመራው መነሻ የሚሆነውን አማርኛው ራሱ ይሰጣል። ልብስ ለሰውነት ሲስማማ «ገባው» ይባላል፤ ሹመትም ለሰው ሲስማማ «ይገባዋል» ይባላል። ሰፊው የደንበኛውን «ልክ» ይወስዳል፤ ከደረጃው አልፎ የተናገረም ሰው «ልኩን አያውቅም» ይባላል። እንግዲህ የአካል ልክና የክብር ልክ በአንድ ቃል የሚጠሩ ናቸው። የጎጃም የወንድ ረዥም ልብስ ታሪክም በአጭሩ ሲነገር፥ ከክብር ልክ ወደ አካል ልክ የተደረገ ጉዞ ነው። «ይህ ካባ ለማን ይገባል?» የሚለው ጥያቄ ቀርቶ «ይህ ካፖርት ለማን ይገባል?» የሚል ጥያቄ የተተካበት ጉዞ ማለት ነው። ቃሉ ያው ሲሆን ትርጓሜው ግን ፈጽሞ ተለወጠ።

ስለ ስሞቹ

ለምድ በመጀመሪያ ትርጓሜው የእንስሳ ቆዳ ነው። «የበግ ለምድ የለበሰ ተኩላ» የሚለው ከወንጌል የወጣ አነጋገር ይህን ጥንታዊ ትርጓሜ እስከ ዛሬ ጠብቆታል። የጀግናው ለምድ ከአንበሳ ወይም ከነብር ቆዳ ይሠራ ስለ ነበር፥ የአውሬው እግርና ጅራት በለባሹ ጀርባና ጎን ይንጠለጠል ነበር። ኋላም ለምድ ከከፋይ መሰፋት ሲጀምር ዘርፉ እየተቆረጠ እንደ እግርና እንደ ጅራት እንዲንጠለጠል ተደረገ። ቆዳው ቢቀርም የቆዳው መልክ በከፋዩ ላይ ቀረ ማለት ነው።

በርኖስ የሚለው ስም ከዐረብኛው ቡርኑስ የመጣ ነው። በሰሜን አፍሪካ አገሮች ቡርኑስ ራስን የሚሸፍን ቆብ ያለው ሰፊ መደረቢያ ነው። የኢትዮጵያው በርኖስ ግን በብዙው ቆብ የሌለው ሲሆን፥ በአንደኛው ትከሻ ላይ ሾጠጥ ብሎ የሚነሣ ጫፍ አለው። የሚሠራውም ከጥቁር ወይም ከቡናማ የበግ ጠጉር ነው። በጠጉር ሥራ ስሙ የታወቀው ባናና ዝተት የሚሠራበት የመንዝ አገር ቢሆንም፥ በርኖስ በጎጃምም በበጌምድርም ደጋዎች የተለመደ ልብስ ነበር። ጠጉር ከጥጥ የሚለይበት ዋና ነገር ርሶም ቢሆን ሙቀት መያዙ ነው። በደንብ ተጠቅጥቆ የተሠራ በርኖስ የዝናቡን ውኃ ቶሎ ወደ ውስጥ አያሳልፍም፤ ጋቢ ግን ውኃውን ጠጥቶ ይከብዳል። ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ በበቅሎ ለሚጓዝ ሰው በርኖስን የሚተካ አልነበረም።

ካባ ከሁሉ የከበረው ነው። ከሐር፥ ከከፋይ ወይም ከመልካም ሱፍ ተሰፍቶ፥ ዘርፉና አንገቱ በወርቅ ወይም በብር ክር ይጠለፋል። ላንቃ የተባለው ተንጠልጣይ ጌጥ ሲጨመርበት ካባ ላንቃ ይባላል፤ ይህም በካህናት ዘንድ በማኅሌትና በበዓል ቀን የሚለበስ ነው። ካፖርት ደግሞ ከጣልያንኛው ካፖቶ የመጣ ስም ሲሆን፥ ስሙ ራሱ ልብሱ በማን እጅ እንደ ገባ ይመሰክራል።

ልክ ሳይወሰድ የሚገባ ልብስ

ለካባ የሚሆነው ከፋይና ሐር በአገር ውስጥ የሚሠራ አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዓመት ከምጽዋ ተነሥቶ በጎንደር በኩል ወደ ጎጃም ይገባና ከዓባይ አፋፍ እስካለው እስከ ባሶ ገበያ ይደርስ ነበር። በባሶም ከዓባይ ማዶ ከሚመጣው ወርቅ፥ ዝባድና ቡና ጋር፥ እንዲሁም በዚያን ዘመን እንደ ሸቀጥ ከሚሸጡት ባሮች ጋር ይለወጥ ነበር። ስለዚህ የአንድ መኰንን ካባ ከብዙ አገር የተሰበሰበ ሀብትና የብዙ ሰው መከራ ያለበት ዕቃ ነበር። የሩቅ አገር ጨርቅ በመሆኑም ከጌቶች ዕቃ ቤት በቀር በቀላሉ አይገኝም ነበር።

ካባ በብዙው የሚገኘው በገበያ ሳይሆን በሽልማት ነው። ንጉሥ ወይም ራስ አንድን ሰው ሲሾም፥ ወይም በጦር ሜዳ የሠራውን ጀግንነት ሲቀበል፥ እንደ ማዕረጉ ካባ ወይም ለምድ ያለብሰው ነበር። ራስ አዳል ተሰማ በጥር ወር 1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ ተቀብተው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሲባሉ፥ የጎጃም ባላባትና መኰንን ማዕረግ የሚቀበልበት ግቢ ቀድሞ መንቆረር ትባል በነበረችው በደብረ ማርቆስ ጸና። ከዚያ ጊዜ አንሥቶ ንጉሡ እስካረፉበት እስከ 1893 ዓ.ም. ድረስ፥ ከዚያም በልጃቸው በራስ ኃይሉ አስተዳደር እስከ 1924 ዓ.ም. ድረስ፥ የደብረ ወርቅ፥ የቢቸናና የሞጣ ሹማምንት ዐይናቸው በዚያ ግቢ ላይ ነበር።

በዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው ዋና ነገር አለ። ለሽልማት የሚሰጥ ልብስ በለባሹ ልክ የሚሰፋ ልብስ አይደለም። ካባው ከዕቃ ቤት ወጥቶ በሚሾመው ሰው ትከሻ ላይ ይወድቃል። ሰውየው ረዥም ይሁን አጭር፥ ወፍራም ይሁን ቀጭን፥ ካባው ያው ነው። ስለዚህ የካባው አሠራር ለሁሉም ሰውነት እንዲሆን ግድ ነበር፤ ሆኖም ተገኝቷል። እጅጌ የለውም፤ ወገቡ አይጠብም፤ ከአንገቱ በቀር ቁልፍ አይሻም። ከትከሻ ወደ ታች እየሰፋ ስለሚወርድ ከለባሹ ሰውነት ጋር በትክክል የሚገናኘው በአንገትና በትከሻ ብቻ ነው። ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ ጨርቁ በራሱ ክብደት ይሠራዋል። በአጭር ቃል፥ ልክ ሳይወሰድ የሚገባ ልብስ ነው።

ይህ ጠባይ የካባውን ኅብረተሰባዊ ሥራ ይገልጻል። ካባ የሰውየውን ሰውነት ሸፍኖ በምትኩ የማዕረጉን ሰውነት ያሳያል። ቀጫጫው ባለ ግርማ፥ ትከሻው የጠበበው ደረተ ሰፊ ይመስላል። በኋለኛው ዘመን አማርኛ «በሃይማኖት ካባ»፥ «በወዳጅነት ካባ» እየተባለ ሲነገር ካባ የሽፋንና የማስመሰል ምሳሌ መሆኑ በዚህ ምክንያት ነው። ለምድም በተኩላው ምሳሌ ቀድሞ ያን ትርጓሜ አግኝቶ ነበር። ሁለቱ የክብር ልብሶች በአነጋገር ሁለት የመሸሸጊያ ስሞች ሆኑ። ይህም ሕዝቡ የክብሩን ልብስ እያከበረ በልብሱ ሥር ያለውን ሰው መመርመሩን እንዳልተወ ያስረዳል።

ቁመናና አለባበስ

ካባና በርኖስ ለሁሉ የሚሆኑ ቢሆኑም ለሁሉ እኩል ያምራሉ ማለት አይደለም። ልብሱ የማይለወጥ ከሆነ የሚለወጠው አለባበሱ ነው። ስለዚህ የአለባበስ ዕውቀት የሰፊው ሳይሆን የለባሹ ነበር። የልብሶቹ አሠራርና የቆዩት ፎቶግራፎች አንድ ላይ ሲታዩ የሚከተለውን ያመለክታሉ።

ረዥምና ሸንቃጣ ለሆነ ሰው እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ ካባ ይስማማዋል። ከትከሻ እስከ እግር ያለው መሥመር ሳይቋረጥ ስለሚወርድ ቁመቱ ግርማ ይሆንለታል፤ የጨርቁ ስፋትም ለቅጥነቱ ሙላት ይሰጠዋል። ነገር ግን ያው ሰው ካባው በጉልበቱ ላይ ቢያበቃ፥ ከታች ያለው ባት ተሁለት የተባለው ጠባብ ሱሪ እግሩን ብቻውን ያወጣዋልና እንደ ሽመላ ያደርገዋል።

አጭር ሰው የሚቸገረው በተቃራኒው ነው። መሬት የሚጠርግ ካባ ቁመቱን ይውጠዋል። ከባቱ እኩሌታ በላይ የሚቀር ካባ ግን እግሩን ስለሚያሳይ ቁመቱን ይመልስለታል። በዚህ ረገድ የበርኖስ ጫፍ ጥቅም አለው፤ ከትከሻ በላይ ስለሚነሣ የተመልካቹን ዐይን ወደ ላይ ይስባል። ሰፊ ጥለት ያለው ኩታ ከካባው ሥር ወጥቶ ሲታይ ግን ሰውነቱን በአግድም ስለሚቆርጠው ያሳጥረዋል። ለአጭር ሰው ጥለቱ ጠባብ፥ ቀለሙም አንድ ወጥ የሆነ ይሻላል።

ወፍራም ሰው ካባውን ፊት ለፊት ገልጦ ሲለብስ ይሻለዋል። ጥቁሩ ካባ በግራና በቀኝ ሲወርድ በመካከል የሚታየው ነጭ እጀ ጠባብ አንድ ቀጥ ያለ ጠባብ መሥመር ይሆናል፤ ተመልካቹም የሰውየውን ስፋት በካባው ዳርቻ ሳይሆን በነጩ መሥመር ይለካዋል። ካባውን ከፊት አገናኝቶ ቢይዘው፥ ይልቁንም ከሥሩ ቡልኮ ቢደርብ፥ ሰውነቱ እንደ ጎተራ ክብ ይሆናል። ቡልኮ ለብርድ መልካም ነው፤ ለወፍራም ሰው ከካባ ጋር ግን አይስማማም።

ጎባጣ ለሆነ ወይም አካሉ ለጎደለ ሰው የካባ ጥቅም ከማማር ያልፋል። የጎጃም ሰው በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ፥ በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ተዋግቷል። ከጦር ሜዳ ክንዱ ጎድሎ ለተመለሰ ሰው እጅጌ የሌለው ልብስ ጉድለቱን አያጋልጥበትም። እጅጌ ያለው ኮት ግን ባዶውን እጅጌ አንጠልጥሎ ጉድለቱን ለሁሉ ይናገርበታል። ይህ ልዩነት ትንሽ መስሎ ቢታይም ለለባሹ ትንሽ አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ ጋር የሚለበስበት ስፍራ መታሰብ አለበት። የመኰንን ካባ በብዙው የሚታየው በበቅሎ ላይ ነው። በኮርቻ ላይ የተቀመጠ ሰው ቁመቱ አይታወቅም፤ ካባውም የበቅሎዪቱን ወገብ እስኪሸፍን ድረስ ስለሚንጣለል አጭሩም ረዥሙም እኩል ይሆናሉ። ስለዚህ ረዥሙ ካባ በእግር ለሚሄድ ሰው ከተሠራ ይልቅ ለበቅሎ ተቀማጭ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። በቅሎው ቀርቶ አውቶሞቢል ሲተካ ካባው የመታያ ስፍራውን አጣ።

የመደረቢያው ቋንቋ

ልብሱ ያልተሰፋና ያልተቆለፈ በመሆኑ ሌላም ጥቅም ነበረው፤ ይኸውም መናገር ይችል ነበር። በደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ሠፈር የኖረው ፈረንሳዊው አርኖ ዳባዲ በ1868 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ባሳተመው መጽሐፉ ሸማውን በሮማውያን ልብስ ስም ቶጋ ብሎ ጠራው። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላም አሜሪካዊው የባህል ተመራማሪ ሲሞን መሲንግ በ1960 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ያንኑ ስም ይዞ፥ የአማራ ሰው ሸማውን በማጣፋት፥ በማደግደግና በመከናነብ ያለ ቃል እንዴት እንደሚነጋገር ገለጠ። በጌታው ፊት የሚቆም ሰው ሸማውን ያደገድጋል፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገባ በመስቀለኛ ያጣፋል፤ ያዘነ ይከናነባል። ካባም ከትከሻ ሊወርድ፥ ሊገለጥ ወይም ሊሰበሰብ ስለሚችል ከዚህ ቋንቋ የራቀ አልነበረም።

በዚህ አመለካከት የሰው ቁመና የማይለወጥ ነገር አይደለም። አንዱ ሰው በጌታው ፊት ሲያደገድግ ይጠባል፤ በራሱ ደጅ ካባውን ለቅቆ ሲቆም ይሰፋል። አካሉ አንድ ሲሆን መልኩ እንደ ስፍራው ይለዋወጣል። ስለዚህ «ለእኔ ቁመት የሚስማማው የትኛው ልብስ ነው?» የሚለው የዛሬ ጥያቄ ለቀደመው ሰው ግማሽ ጥያቄ ነበር። ሙሉው ጥያቄ «በማን ፊት?» የሚል ነበር።

የዚህ አለባበስ ኃይል ከአገር ውጭም ታይቷል። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ ሲሄዱ የጎጃሙ ራስ ኃይሉና የትግሬው ራስ ሥዩም አብረዋቸው ነበሩ። የጊዜው ፎቶግራፎች መኳንንቱን በነጭ ልብስ ላይ ጥቁር ካባ ደርበው ያሳያሉ። በዙሪያቸው የሚታዩት የአውሮፓ ሹማምንት በልካቸው የተሰፋ ኮት የለበሱ ናቸው። አልጋ ወራሹ ቁመታቸው አጠር ያለና ሰውነታቸው ቀጭን ነበር። ሆኖም በካባቸው ሲታዩ የተመልካች ዐይን ከእርሳቸው አይርቅም። ኮቱ የአውሮፓውን ሰው ውፍረትና ቅጥነት እንዳለ ሲያሳይ፥ ካባው የራሱን መልክ ያሳይ ነበርና።

የካፖርት መምጣት

በአውሮፓ የተሰፋው ረዥም ኮት ሌላ ታሪክ አለው። በ19ኛው መቶ ዓመት የመለኪያ ጥብጣብ በሰፊዎች ዘንድ ሲለመድ፥ ኮት የለባሹን ደረት፥ ወገብና ክንድ ተከትሎ መቆረጥ ጀመረ። ኋላም መንግሥታት ለብዙ ሺሕ ወታደር በአንድ ጊዜ ልብስ ማሰፋት ሲያስፈልጋቸው ለእያንዳንዱ ልክ መውሰድ አልተቻለም። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፥ ከ1861 እስከ 1865 እ.ኤ.አ.፥ የወታደሮች ልክ ተሰብስቦ ልብሱ በተመደበ ቁጥር መሰፋቱ ለዚህ አሠራር መስፋፋት ብዙ ረድቷል። ከዚያ ወዲህ ሰው ለኮቱ ቁጥር የሚፈልግለት ሆነ።

ወደ ጎጃም ካፖርት በብዛት የደረሰው በዚህ መንገድ፥ ማለት እንደ ወታደር ልብስ ነው። የፋሺስት ኢጣልያ ጦር በ1928 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ገባ። በቢቸና አውራጃ እነ በላይ ዘለቀ ያደረጉት ተጋድሎ የታወቀ ነው። በመጋቢት ወር 1933 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ጠላት ስሙንና ካፖርቱን ትቶ ሄደ። ከጦርነቱ በኋላም ሰልባጅ የተባለው ከውጭ አገር የሚመጣ አሮጌ ልብስ በየገበያው ሲዘረጋ ረዥም ካፖርት ለተራው ሰው የሚገኝ ሆነ።

በዚህም አንድ እንግዳ ነገር ተፈጠረ። ካባ ለማንም ልክ ሳይሰፋ ለሁሉም ይገባ ነበር፤ ካፖርት ግን ለአንድ ሰው ልክ ተሰፍቶ ለሌላ ሰው ደረሰ። ለአውሮፓ ወታደር ትከሻ የተቆረጠው ልብስ በደብረ ወርቅ ሰው ትከሻ ላይ ሲወድቅ እጅጌው ጣት ይሸፍናል፥ ወገቡ ከወገብ በታች ይውላል፥ ጫፉም ጭቃ ይጠርጋል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል። የአካል ልክ ጥያቄ በእውነት የተነሣው ይህን ጊዜ ነው።

መፍትሔው የተገኘው ከሰፊው ነው። በየከተማው በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚቀመጠው ሰፊ ካፖርቱን ፈትቶ በአዲሱ ለባሽ ልክ ይቆርጠዋል። ሆኖም ሰፊው የሚችለውና የማይችለው ነገር አለ። እጅጌ ማሳጠር፥ ርዝመት መቁረጥ፥ ጎኑን ማጥበብ ይቻላል። ትከሻውን ማስተካከል ግን አንገትጌውንና እጅጌውን ፈትቶ እንደ ገና መግጠም ስለሚጠይቅ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ካፖርት የሚመርጥ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ትከሻውን ማየት ይገባዋል። ስፌቱ በትከሻ አጥንት ጫፍ ላይ ከዋለ የቀረው ይስተካከላል፤ ወደ ክንድ ከወረደ ሰውየው የወንድሙን ልብስ የለበሰ ልጅ ይመስላል።

ከዚህ በኋላ ያለው ምርጫ ስለ ካባው ከተባለው ብዙ አይርቅም። አጭር ሰው በጉልበቱ አካባቢ የሚያበቃ፥ አንድ ረድፍ ቁልፍ ያለው ካፖርት ይሻለዋል። ረዥም ሰው ከጉልበቱ በታች የሚወርደውን ሊለብስ ይችላል። ቀጭን ሰው ሁለት ረድፍ ቁልፍና መቀነት ቢኖርበት ሙላት ያገኛል፤ ለወፍራም ሰው ግን መቀነቱ ሆዱን ያሳይበታልና ቀጥ ብሎ የሚወርደው ይመረጣል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ካባ የለበሰ ሰው ስሕተቱን በእጁ ማረም፥ መግለጥ፥ መሰብሰብ ይችል ነበር፤ በካፖርት ግን ስሕተቱ በስፌት የታሰረ ስለሆነ ልብሱ እስኪያልቅ አብሮት ይኖራል።

የባላገሩ መልስ ደግሞ ሌላ ነው። የምሥራቅ ጎጃም ሽማግሌ ኮት ወይም ካፖርት ሲለብስ ጋቢውን አልተወም፤ ጋቢውን ከላይ ይደርበዋል። አራት እጥፍ የሆነው ጋቢ የኮቱን ጉድለት ሁሉ ይሸፍናል፤ ለማጣፋትና ለማደግደግም ያመቻል። በዚህ አኳኋን እንግዳው ልብስ የውስጥ ልብስ፥ የአገሩ ልብስ የላይ ልብስ ሆኖ ሁለቱ ታረቁ። ይህን መመልከት የሚያስፈልገው፥ የልብስ ለውጥ አዲሱ አሮጌውን ፈጽሞ የሚያጠፋበት መንገድ ብቻ ነው ብሎ መናገር ስሕተት እንደሆነ ስለሚያስረዳ ነው።

የካፖርት የማዕረግ ጉዞ ደግሞ ወደ ታች ነበር። በመጀመሪያ የመኰንንና የጸሓፊ ልብስ ሆኖ ይከበር የነበረው ረዥም ካፖርት፥ ጥቂት ቆይቶ በሌሊት ደጅ የሚጠብቀው የዘበኛ መታወቂያ ሆነ። ካባ ግን በእርጅናው እንኳ ወደ ዘበኛ ትከሻ አልወረደም። በሽልማት የመጣ ልብስ ከባለቤቱ ጋር ይኖራል፤ በገንዘብ የመጣ ልብስ ገንዘቡ ወዳለበት ይሄዳል።

ሸማኔውና ሰፊው

ስለ ለባሹ ብቻ ተናግሮ ስለ ሠሪው ዝም ማለት ፍትሕ አይሆንም። በርኖሱን፥ ኩታውንና ጋቢውን የሠራው ሸማኔ በኅብረተሰቡ ዘንድ የተናቀ ነበር። «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ይሰደባል፤ በብዙ ስፍራም ቡዳ ነው ተብሎ ይፈራ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ የእጅ ሥራ የሚሠራ ሰው በሥራው ምክንያት እንዳይሰደብ ቢከለክሉም ልማዱ በዐዋጅ ብቻ የሚጠፋ አልሆነም። ባለ ካባው በሠሪው እጅ እያማረ ሠሪውን ይንቅ ነበር።

ከካፖርት ጋር የመጣው ሰፊ ይህ ስድብ በዚያ መጠን አልደረሰበትም። መኪናው ከውጭ አገር የመጣ፥ ሥራውም አዲስ ስለ ነበር በአሮጌው የንቀት መዝገብ አልተጻፈም። የሸማኔው ልጅ ከአባቱ ጉድጓድ ወጥቶ የስፌት መኪና ቢይዝ የሚያገኘው ገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ ከስሙም ያርፍ ነበር። የጠጉር በርኖስ ሥራ መመናመን የሚመረመረው ከውጭ ጨርቅ ርካሽነት ጋር ብቻ ሳይሆን ከዚህም ጋር ነው። የተናቀ ጥበብ ወራሽ አያገኝም።

ማጠቃለያ

በ1966 ዓ.ም. የፈነዳው አብዮትና የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ የባላባቱን ማዕረግ ከነመሠረቱ ነቀሉት። ማዕረጉ ሲቀር የማዕረጉ ካባ ለሚገባው ሰው አጣ። በየሣጥኑ የተቀመጠው ከፋይ ለብልና ለሻጋታ፥ አለዚያም ለዕቃ ነጋዴ ሆነ።

ካባው ግን ፈጽሞ አልጠፋም። በቤተ ክርስቲያን ተክሊል የሚያደርሱ ሙሽሮች ካባ ይለብሳሉ፤ በመልስ ቀንም ሙሽራው ካባ ደርቦ ይወጣል። ካባው ብዙ ጊዜ ተከራይቶ የሚመጣ ስለሆነ ዛሬ ረዥሙ ሙሽራ የለበሰውን በሚመጣው ሳምንት አጭሩ ሙሽራ ይለብሰዋል፤ ለሁለቱም ይገባል። ከዕቃ ቤት ወጥቶ በተሿሚው ትከሻ ይወድቅ የነበረው ልብስ ዛሬ ከኪራይ ቤት ወጥቶ በሙሽራው ትከሻ ይወድቃል። ልክ ሳይወሰድ የመግባት ጥንታዊ ጠባዩ እስከ ዛሬ ያኖረው ይመስላል።

ከተባለው ሁሉ ሁለት ነገር ይወጣል። መጀመሪያ፥ ልብስን ከሰውነት ጋር ማስማማት የአዲስ ዘመን ፈሊጥ ብቻ አይደለም፤ የቀደመው ሰውም ያስብበት ነበር፤ ነገር ግን ዕውቀቱን ያኖረው በመቀስ ሳይሆን በእጁና በትከሻው ነበር። ሁለተኛ፥ ይህ ዕውቀት በአካል የሚተላለፍ ስለሆነ ልብሱ በሙዚየም መስታወት ውስጥ ቢቀመጥም ዕውቀቱ አብሮ አይቀመጥም።

ስለዚህ በ1955 ዓ.ም. ከተቋቋመው ከኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ጀምሮ በየደብሩ ዕቃ ቤትና በየቤተሰቡ ሣጥን የቀሩት ካባዎች፥ ለምዶችና በርኖሶች ሲመዘገቡ፥ የባለቤቱን ስምና ማዕረግ መጻፍ ብቻ አይበቃም። የልብሱ ርዝመት፥ የአንገቱ ዙሪያ፥ የዘርፉ ስፋትና ክብደቱ ሊለካ ይገባል። ባለቤቱን የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት ካሉም ሰውየው ምን ያህል ቁመት እንደ ነበረው፥ ካባውን እንዴት አድርጎ ይይዝ እንደ ነበረ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህ ሥራ ገንዘብ ብዙ አይጠይቅም፤ ክር፥ ሚዛንና ትዕግሥት ይበቁታል። ጊዜ ግን ይጠይቃል፤ ብሉም ሞቱም ሥራቸውን አላቆሙምና።